በማርያም ተወልዶ በማርያም አረፈ፦ የሙዚቀኞች ልደትና ሞት ለምን እንዲህ ይገጥማል?

ሚያዝያ በገባ ቁጥር የጥላሁን ገሠሠ ፎቶ ከፌስቡክ እስከ ቴሌግራም ይዞራል። ከሥሩ የሚጻፈውም ከዓመት ዓመት ብዙ አይለያይም፤ በመስቀል ተወልዶ በፋሲካ አረፈ ይባላል። እውነትም ነው። ጥላሁን የተወለደው መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. ሲሆን ያረፈው ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በትንሣኤ ዕሑድ ነው። ይህን ያነበበ ሰው «ይሄማ ተጽፎለት ነው» ማለቱ አይቀርም። ጎጃም ውስጥ ደግሞ ወሬው በታዋቂ ሰው አይወሰንም። ቢቸናም ሆነ ደምበጫ፣ ለቅሶ ቤት ስለ አንድ ማሲንቆ መቺ ሲወራ «በማርያም ተወልዶ በማርያም ሄደ» የሚል አይጠፋም፤ የተቀመጠው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል።

እንዲህ ያለው ግጥምጥሞሽ ሰው እንደሚያስበው ብርቅ አይደለም፤ ቀን በታቦት በሚቆጠርበት እንደ ጎጃም ባለ አገር ደግሞ ፈረንጅ ከሚቆጥረው በአሥራ ሁለት እጥፍ ይበዛል። ይህን በቀላል ሂሳብ ማሳየት ይቻላል። ከሂሳቡ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው፦ የሞቱ ቀን ይታወቃል፣ የልደቱን ቀን ግን ማን ነገረን?

የውጭውን እናስቀድም። የኒው ኦርሊንሱ ክላርኔትና ሶፕራኖ ሳክስፎን ተጫዋች ሲድኒ ቤሼ ሜይ 14 ቀን 1897 ተወለደ፤ ሜይ 14 ቀን 1959፣ ልክ 62 ዓመት በሞላው ዕለት፣ ፓሪስ አጠገብ አረፈ። የአሜሪካው የካንትሪ ዘፋኝ መርል ሃጋርድም ኤፕሪል 6 ቀን 1937 ተወልዶ ኤፕሪል 6 ቀን 2016 በ79ኛ የልደት ቀኑ ሞተ። ኤልቪስ ፕሪስሊና ዴቪድ ቦዊ ሁለቱም ጃንዋሪ 8 የተወለዱ ናቸው፤ አንዱ በ1935፣ ሌላው በ1947። የሮክ ሙዚቀኞቹ ብራያን ጆንስና ጂም ሞሪሰን ሁለቱም በ27 ዓመታቸው፣ ሁለቱም ጁላይ 3 ቀን፣ በ1969 እና በ1971 ሞቱ።

ሲደረደር ያስደነግጣል። ግን አንድ ሰው በተወለደበት ቀን የመሞት ዕድሉ፣ ሌላ ምንም ምክንያት ሳይጨመር፣ ከ365 አንድ ነው። ስማቸው መዝገብ ላይ የሰፈረ አሥር ሺህ ሙዚቀኞች ብንወስድ 27 ያህሉ ልደታቸው ቀን ላይ ሞተው መገኘት አለባቸው ማለት ነው። ቤሼና ሃጋርድ ከእነዚህ ሁለቱ ናቸው። ሁለት ሰዎች የልደት ቀን ለመጋራትማ ብዙ ሰው እንኳ አያስፈልግም፤ 23 ሰው በተሰበሰበበት ቤት ሁለቱ በአንድ ቀን የተወለዱ የመሆናቸው ዕድል ከግማሽ ትንሽ ይበልጣል። መካከለኛ የባህል ቡድን ከነተወዛዋዦቹ 23 ይሞላል።

ልደትና ሞትን የሚያያይዝ እውነተኛ ምክንያት የለም ለማለትም አልደፍርም። ስዊዘርላንድ ውስጥ ከ1969 እስከ 2008 የተመዘገቡ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሞቶችን የመረመረ ጥናት በ2012 ሲታተም፣ በልደት ቀን የሚሞተው ሰው ከሚጠበቀው በ13.8 በመቶ ገደማ ይበልጣል ብሏል። ጭንቀቱም፣ ድግሱም፣ መጠጡም ሊሆን ይችላል፤ ሞቱን የመዘገበው ሠራተኛ የልደቱን ቀን በሞቱ ቦታ ላይ በስሕተት ጽፎትም ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን እንዳለ ብንቀበለው እንኳ ከአሥር ሺው ሙዚቀኛ 27 የነበረው 31 ይሆናል እንጂ ሌላ ለውጥ አያመጣም። በፌብሩዋሪ 3 ቀን 1959 በአንድ አውሮፕላን አደጋ የሞቱትን አሜሪካዊውን ዘፋኝ በዲ ሆሊንና ባልንጀሮቹን ደግሞ ከዚህ ዝርዝር ማውጣት ይገባል። አንድ ላይ ተሳፍረው አንድ ላይ ወደቁ፤ ይህን ግጥምጥሞሽ የሚለው የለም።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ፤ ሂሳቡ እዚህ ይለወጣል። የጎጃም ሰው ቀን ሲቆጥር ከዓመቱ ውስጥ አያወጣም፣ ከወሩ ውስጥ ነው። 5 አቦ፣ 7 ሥላሴ፣ 12 ሚካኤል፣ 16 ኪዳነ ምሕረት፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔ ዓለም፣ 29 በዓለ ወልድ። የጽዋ ማኅበሩም፣ ሥራ የማይሠራበት ቀንም፣ ብድር የሚመለስበት ቀጠሮም በዚሁ ይሄዳል። ስለዚህ «በማርያም ተወልዶ በማርያም አረፈ» ሲባል ጳጉሜንን ትተን ከ30 አንድ የሆነ ነገር ነው የምናወራው፤ ከ365 አንድ አይደለም። ሠላሳ ሰው በሚቀበርበት ቤተ ክርስቲያን ግቢ አንዱ በተወለደበት ታቦት ቀን አርፎ ቢገኝ ሂሳቡ ልክ ሠራ ማለት ነው።

ሁለት ሰው በአንድ ታቦት ቀን ለመወለድማ ሰባት ሰው ይበቃል። ሰባት አባላት ባሉት የሙዚቃ ቡድን ሁለቱ የሚገጥሙበት ዕድል 53 በመቶ ነው። እንደ ወጉ አሥራ ሁለት ሰው ያለበት የጽዋ ማኅበር ከሆነ ደግሞ 92 በመቶ ይደርሳል፤ ባይገጥም ነበር መገረም።

በዚህ ላይ የምንጨምረው ነገር አለ። «ማርያም» ስንል ሁልጊዜ 21ን ብቻ አይደለም። በ1 ልደታ ናት፣ በ3 በዓታ፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፤ ሁሉም የእመቤታችን ናቸው። አራቱንም ከቆጠርን በማርያም የተወለደ ሰው በማርያም የመሞት ዕድሉ 13 በመቶ ይሆናል። ዋዜማና ማግስትም አሉ። ሰውየው በ20 ቢሞት «ለማርያም ዋዜማ»፣ በ22 ቢሞት «በማርያም ማግስት» ይባልና ታሪኩ ሳይበላሽ ይቀጥላል። አንድ ቀን ሦስት ቀን ሆነ፤ ከ30 አንድ የነበረው ከ10 አንድ ሆነ። በሩ እየሰፋ ሲሄድ ብዙ ሰው መግባቱ አይገርምም።

እንዴት እንደሚሠራ ለማየት አንዱን እኔው ልሥራው። ጥላሁን ያረፈው በ11 ነው አልን። የዜማ አባት የሚባለው ቅዱስ ያሬድ ቤተ ክርስቲያን የምታስበው ግንቦት 11 ነው። እንግዲህ «የድምፅ ንጉሥ በዜማ አባት ቀን ተጠራ» ብዬ ብለጥፍ እስከ ማታ ሺዎች ያጋሩታል። የተናገርኩት ውሸት የለውም፤ ቀኖቹ ልክ ናቸው። ዘዴው ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ መስከረም 17 እስጢፋኖስ መሆኑን፣ ወሩ ሚያዝያ እንጂ ግንቦት አለመሆኑን፣ በ11 ሐናና ኢያቄምም እንደሚታሰቡ ትቻለሁ። የሚገጥመውን አንሥቼ የማይገጥመውን አለፍኩ። ይህን በአሥር ደቂቃ ለማንኛውም ዘፋኝ መሥራት ይቻላል።

ዋሸራ ወይም ዲማ ቅኔ የቆጠረ ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ይል ይሆናል፤ የዕለቱን በዓል ከፊቱ ካለው ነገር ጋር ማጋጠም የሰለጠነበት ሙያ ነውና። ቅኔ ቤት ይህ ጥበብ ነው፤ ማንም በማስረጃነት አይይዘውም። ሙሾ አውራጇም ሟቹን ከታቦቱ ቀን ጋር ስታያይዘው ለቅሶውን ታሞቃለች እንጂ ስታቲስቲክስ አታወጣም። ችግሩ ያ አነጋገር ከለቅሶ ቤት ወጥቶ «ይህን ያውቁ ኖሯል?» በሚል ርዕስ እንደ መረጃ መዞሩ ነው።

ቀን አቆጣጠሩ ራሱ የሚሠራውንና የሚያፈርሰውን ደግሞ እንይ። ሲድኒ ቤሼ በፈረንጅ አቆጣጠር ልደቱ ቀን ሞተ። በእኛ ግን አልገጠመለትም። ሜይ 14 ቀን 1897 በእኛ ግንቦት 7 ቀን 1889 ነው፤ ሜይ 14 ቀን 1959 ግን ግንቦት 6 ቀን 1951። ምክንያቱን ሁላችንም በዓድዋ እናውቀዋለን፦ ድሉ የካቲት 23 ቀን 1888 ሲሆን በዓለም መዝገብ ማርች 1 ቀን 1896 ተብሎ ሰፍሯል፤ ዛሬ ግን የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ነው። ፈረንጆቹ 1900ን ያለ ፌብሩዋሪ 29 ስላለፉትና እኛ ስድስተኛዋን ጳጉሜን ስላልተውን በሁለቱ መካከል አንድ ቀን ተጨመረ። ቤሼ ከዚያ በፊት ተወልዶ ከዚያ በኋላ በመሞቱ ግጥምጥሞሹ እዚህ ሲደርስ ፈረሰ። በሥላሴ ተወልዶ በሥላሴ ዋዜማ አረፈ የሚል ጎጃሜ ካልታደገው በስተቀር።

የሃጋርድ ግን ጸንቷል፤ መጋቢት 28 ቀን 1929 ተወልዶ መጋቢት 28 ቀን 2008 ሞተ። አማኑኤል ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ሲኬድ የምትገኘዋ የአማኑኤል ከተማ ካንትሪ ሙዚቃ ብታደምጥ ኖሮ ልትኮራበት ትችል ነበር።

የራሳችንም ሰዎች ከዚህ አያመልጡም። ሙላቱ አስታጥቄ የተወለደው ዲሴምበር 19 ቀን 1943 ነው። ያ ዓመት ዘመነ ሉቃስ በጳጉሜን 6 ካለፈ በኋላ የገባ ዘመነ ዮሐንስ በመሆኑ ቀኑ ታኅሣሥ 9 ቀን 1936 ላይ ይውላል። ዲሴምበር 19 በአብዛኛው ዓመት ግን ታኅሣሥ 10 ነው። እንኳን ተወለድክ የሚለው ሰው በየትኛው አቆጣጠር እንዳለው ካልጠቀሰ አንድ ቀን ይዛነፋል። አንድ ቀን ደግሞ ግጥምጥሞሽ ለመፍጠርም ለማፍረስም ይበቃል።

ከዚህ የባሰው የትርጉም ስንፍና ነው። «ዛሬ በታሪክ» የሚሉ ዝግጅቶች ጃንዋሪን ጥር፣ ሜይን ግንቦት እያሉ ቁጥሩን ሳይነኩ ያልፋሉ። ኤልቪስ «ጥር 8» ተወለደ ይባላል፤ እሱ ግን በእኛ አቆጣጠር የተወለደው ታኅሣሥ 30 ቀን 1927፣ በገና ማግስት ነው። እዚያው ዝግጅት ላይ በእኛው ጥር 8 የተወለደ ድምፃዊ ሲጠቀስ «ከኤልቪስ ጋር በአንድ ቀን» ተብሎ ይጨበጨባል። በመካከላቸው ስምንት ቀን አለ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ቀኖቹ ትክክል ናቸው በሚል ነበር። ጎጃም ገጠር ውስጥ የተወለደ አዝማሪ የልደት ቀኑ ከየት ይመጣል? ከእናቱ። እናት ደግሞ ስትናገር «ለኅዳር ሚካኤል ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ጤፉ ሊታጨድ ሲል» ትላለች። ኅዳር 9 ማለቷ ነው፤ ቀኑን እንዲህ አድርጋ የምትይዝ ሴት ብዙ አትሳሳትም። ዓመቱን ሲጠይቋት ግን «በግብር አመፁ ዓመት» ወይም «ሠፋሪ ወደ ፓዊ የመጣ ጊዜ» ትላለች፤ የመጀመሪያው 1960 ገደማ፣ ሁለተኛው 1977 ወይም 78 ነው። ቀኑ ጥርት ያለ፣ ዓመቱ የደበዘዘ ነው።

የመንግሥት ወረቀት የሚፈልገው ደግሞ ተገላቢጦሹን ነው። የቀበሌ መታወቂያ ለብዙ ዘመን ዕድሜ ብቻ ጠየቀ። ልጁ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ ዓመት ተገመተለት፣ የእናቱ ኅዳር 9 ግን የትም አልተጻፈም። በኋላ ፓስፖርት ሲያወጣ ወይም ውጭ ሲሄድ ቀንና ወር የግድ ሲሆን ጃንዋሪ 1 ተሞላለት። በስደት ካሉ ኢትዮጵያውያን መካከል ጃንዋሪ 1 የተወለደው ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ቀልድ ሆኗል። ከነዚህ ውስጥ ዘፋኞችም አሉ፤ እንግዲህ የአንዱ ሞት ጃንዋሪ 1 ላይ ከዋለ የሚጻፈውን መገመት አያስቸግርም።

በሌላም አገር ይኸው ነው። ሉዊስ አርምስትሮንግ ዕድሜውን ሙሉ ጁላይ 4 ቀን 1900 ተወለድኩ ይል ነበር፤ የአሜሪካ የነጻነት ቀን ነው። የሞተው ጁላይ 6 ቀን 1971 ነው። ሁለት ቀን ቀድሞ ቢሞት ኖሮ ዛሬም ድረስ የምንሰማው ታሪክ ይሆን ነበር። ከሞተ በኋላ የጥምቀት መዝገቡ ሲገኝ ግን የተወለደው ኦገስት 4 ቀን 1901 ሆነ። የቤቶቨንም ቢሆን የሚታወቀው የተጠመቀበት ቀን፣ ዲሴምበር 17 ቀን 1770 ብቻ ነው፤ የልደቱ ቀን ከዚያ ወደ ኋላ ተገምቶ የተቀመጠ ነው።

የሞት ቀን እንዲህ አይደለም። ጎጃም ውስጥ አንድ ሰው ሲሞት ቀኑን የሚጠብቅ ብዙ ነው። ሠልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሰማንያ አለ፣ ሙት ዓመት አለ፣ ሰባተኛው ዓመት አለ። ተዝካሩ በቀኑ ካልወጣ ካህኑም ዘመዱም ይናገራል። እድሩ መዝገብ አለው፤ ገንዘብ የወጣበት ቀን ስለሆነ አይዛነፍም። ሞት ተቆጥሮ፣ ተመስክሮ፣ ተደግሶበት ይያዛል። ልደት ግን አንዲት ሴት ራስ ውስጥ ነው ያለው፤ እሷ ስታልፍ አብሮ ያልፋል።

ግጥምጥሞሹ የሚወለደው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሙት ዓመቱ ሲደርስ ልጆቹ ባነር ያሠራሉ፣ የመቃብሩን ድንጋይ ያስቀርጻሉ። ቀራጩ «ትውልድ» የሚለውን ባዶ ቦታ ያሳያቸዋል። የሞቱ ቀን፣ 21፣ እፊታቸው ተጽፏል። አክስት ትጠየቃለች፤ «ያው በማርያም ሳይሆን ይቀራል?» ትላለች። ዋሸች አይባልም። የሰማችው በማርያም ማግስት ይሁን ለማርያም ሁለት ቀን ሲቀረው አታስታውስም፣ ሰሞኑን ግን ስለ ማርያም ስታለቅስ ሰንብታለች። ያልጸናው ቀን ወደ ጸናው ያዘነብላል። ድንጋዩ ይቀረጻል፣ ልጁ በስልኩ ያነሣዋል፣ ማታ ይለጠፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠራጠር የለም።

የቀን መጋራት በራሱ የሚያስከትለው ነገር የለም ማለት ግን አይደለም። ሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ ፕሮኮፊየቭ የሞተው ማርች 5 ቀን 1953፣ ስታሊን በሞተበት ዕለት ነው። ቤቱ ከቀይ አደባባይ አጠገብ ስለነበር በሕዝቡ ብዛት አስከሬኑን ማውጣት ለቀናት አስቸገረ፤ የሞቱም ዜና በስታሊን ዜና ተሸፈነ። ጥላሁንም የሞተው በፋሲካ መሆኑ ውጤት አለው፦ ፋሲካ በባሕረ ሐሳብ ስለሚዞር ሙት ዓመቱን «የፋሲካ ዕለት» ብሎ የያዘ ሰውና «ሚያዝያ 11» ብሎ የያዘ ሰው አብረው አያስቡትም። እነዚህ በቀኑ ምክንያት የሆኑ፣ የሚታዩ ነገሮች ናቸው።

አሁን ሕግ አለ። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀን፣ ሞት በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዝዛል፤ ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ነው። የፋይዳ መታወቂያም ሙሉ የትውልድ ቀን ይጠይቃል። ከዚያ ወዲህ በየቀበሌው የተመዘገበ ልጅ ነገ ማሲንቆ ቢያነሣ ቀኑ አያከራክርም። ዛሬ ስድሳና ሰባ ዓመት የሆናቸው አዝማሪዎችና ዋሽንት ነፊዎች ግን ፋይዳ ሲያወጡ የሚሰጡት ቀን ያው የተገመተው ነው፤ አንዴ ሲስተሙ ውስጥ ከገባ ደግሞ ከመቃብር ድንጋይ ይበልጥ ይጸናል።

ስለዚህ የሙዚቀኞችን ታሪክ የሚሰበስብ ሰው ቀኑን ከመጻፉ በፊት ሦስት ነገር ቢጠይቅ ደኅና ነው፦ ታቦቱን፣ ዕለቱንና ወንጌላዊውን። «ረቡዕ ነበር፣ በዓታ ነበር፣ ዘመነ ማርቆስ ነበር» የምትል እናት ዓመቱን ነግራናለች ማለት ይቻላል፤ ወሩ ከታወቀ ይህ አገጣጠም የሚመለሰው በ28 ዓመት አንዴ ብቻ ስለሆነ፣ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ መርጌታ በአንድ ቁጭታ ያወጣዋል። እናት ከሌለች የክርስትና አባት ይጠየቃል። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ትጠመቃለችና ከዚያ ወደ ኋላ ይቆጠራል።

እዚህም ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ልጁ ክርስትና የተነሣው ጥር 12፣ በቃና ዘገሊላ ነው እንበል። የተወለደበትን ዕለት አንድ ብለው ከቆጠሩ አርባው ጥር 12 ላይ የሚሞላው ታኅሣሥ 3 ከተወለደ ነው፤ በዓታ ናት። በማግስቱ አንድ ብለው ከጀመሩ ግን ታኅሣሥ 2 ይሆናል። ቤተሰቡ የቱን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው። መዝጋቢው ግን «ታኅሣሥ 2 ወይም 3፤ ክርስትና ጥር 12፤ የነገሩን የክርስትና አባቱ» ብሎ ሁለቱንም ቢጽፍ ነው የሚሻለው።